«ማረም ብቻ ነው» አትበሉኝ

ባለፈው ክረምት አንድ የማላውቀው ሰው በቴሌግራም ሥራ ላከልኝ። መልእክቱ አጭር ነበር። «ሰላም እህት፣ 14 ገጽ የቫዮሊን ኖታ አለ። የልጆች ማሠልጠኛ የሚሆን የአገርኛ ዜማ ስብስብ ነው። ከድምፅ ቅጂ በአፕ ተገልብጧል። ማረም ብቻ ነው የሚቀረው። በገጽ ስንት ትያለሽ?»

ፍሪላንሰር ነኝ፣ የወር መጨረሻም ነበር፤ ብዙ ሳላስብ ዋጋ ጠራሁ። በገጽ 80 ብር፣ ባጠቃላይ 1,120 ብር። አንድ ማታ ቡናዬን ይዤ ቁጭ ካልኩ እጨርሰዋለሁ ብዬ ነበር። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ሰዓቱን ስደምረው 16 ሰዓት ሆነ። በሰዓት 70 ብር ማለት ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ኢኮኖሚክስ ተምሮ የራስን ጉልበት ዋጋ መተመን አለመቻል ምን ይባላል? ጓደኞቼ ስም አውጥተውለታል፤ እዚህ አይጻፍም።

ግን የዛሬ ጨዋታዬ ስለ 1,120 ብሩ አይደለም። «ብቻ» ስለምትለዋ ቃል ነው። እውነቱን ለመናገር ሰውየው ላይ ለመፍረድ ሞራሉ የለኝም፤ እኔም ራሴ ያቺን ቃል እጠቀምባት ነበር። ዋናውን ሥራ ማሽኑ ሠርቷል፣ የኔ ድርሻ አቧራውን ማራገፍ ነው ብዬ አምን ነበር። እስከ አንድ ቅዳሜ ድረስ።

አያቷ የሰሙት

ቅዳሜ ቅዳሜ አንዲት የ12 ዓመት ልጅ ቫዮሊን አስተምራለሁ። ጎረቤቴ ናት፤ አንድ ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው፣ እነሱ ሦስተኛ ፎቅ እኛ አራተኛ። እናቷ አንድ ቀን «አያቷ ለበዓል ከወሎ ይመጣሉ፤ የሳቸውን አገር ዜማ ብትጫወትላቸው እንዴት ደስ ይላቸው ነበር» አለችኝ። ስልኳ ላይ ከድሮ ካሴት የተቀዳ አምባሰል ነበራት፤ ማሲንቆ ብቻ፣ ዘፈን የሌለው። ላከችልኝ።

አፑ ውስጥ ከተትኩት። ሦስት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ አንድ ገጽ ኖታ ሰጠኝ። መጀመሪያ የወጣው ትንሽ የተዝረከረከ ነበር፤ «አጽዳ» የሚል ቁልፍ ነበረውና እሱን ነካሁት። ወዲያው ልቅም ያለ ገጽ ሆነ፤ መጀመሪያው ላይ ሁለት ሻርፕ፣ ዲ ሜጀር። አንድ ሁለት ግልጽ ስህተት አስተካከልኩና አትሜ ለልጅቷ ሰጠኋት።

ሦስት ሳምንት ተለማመደችው። ጎበዝ ናት፤ በየማታው ከታች ፎቅ ይሰማኛል። አያቷ መጡ። ቤቱ ሙሉ ነው፣ ቡና ተፈልቷል፣ እኔም ተጠርቻለሁ። ተጫወተች። አያቷ እስክትጨርስ ድረስ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ስትጨርስ አጨበጨቡላት፣ ግንባሯን ሳሟት። ከዚያ ወደኔ ዞር አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ እጆቿ ይባረኩ፤ በጣም ያምራል። ብቻ… ይሄ አምባሰል አይደለም።»

«አባባ፣ ከካሴቱ እኮ ነው የተገለበጠው» አልኳቸው።

«ካሴቱስ አምባሰል ነው። እሷ የተጫወተችው ግን ትዝታ ትዝታ ይላል» አሉና በአፍንጫቸው አንጎራጎሩልኝ። እዚያው ጆሮዬ ቀላ። ልዩነቱን ያልሰማሁት ስላልነበረ አይደለም፤ ወረቀቱን እያየሁ ስለማዳምጥ ነው።

ልጅቷ ሰምታን ነበር። «ቲቸር፣ ታዲያ ወረቀቱ ላይ እንደዛ ነው እኮ ያለው!» አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት?

17 ሚሊ ሜትር

ማታ ቤቴ ገብቼ አንድ በአንድ አየሁት። አምባሰል ቅኝት እንደ ማንኛውም ዋና ቅኝታችን አምስት ድምፅ ነው ያለው። ከኤ ብንነሳ ኤ፣ ቢ ፍላት፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ ማለት ነው። እኔ አትሜ የሰጠኋት ወረቀት ላይ ያለው ግን ኤ፣ ቢ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ ሻርፕ ነው። ሦስቱ ልክ ናቸው። ሁለቱ በግማሽ ድምፅ ከፍ ብለዋል።

አሁን እነዚህን አምስት ድምፆች ከዲ ጀምራችሁ ደርድሯቸው፦ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ኤ፣ ቢ። ይሄ ትዝታ ሜጀር ነው። አያቷ ኖታ ማንበብ አይችሉም። ግን የተፈጠረውን ስህተት በስሙ ጠርተው ነው የነገሩኝ።

ቫዮሊን ላይ ሁለቱም የተሳሳቱ ድምፆች የሚያዙት በጠቋሚ ጣት ነው፤ አንዱ ኤ ክር ላይ፣ አንዱ ኢ ክር ላይ። ሙሉ መጠን ባለው ቫዮሊን ላይ በትክክለኛው ቦታና በተሳሳተው መካከል ያለው ርቀት ወደ 17 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለት ሳንቲ ሜትር አይሞላም። ጀማሪ ልጅ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የምትማረው ጠቋሚ ጣቷን ራቅ አድርጋ ማስቀመጥ ነው። ስለዚህ የተሳሳተው ቦታ ለእጇ ቀለላት፤ ወረቀቱም ልክ ነሽ አላት። ሦስት ሳምንት የተማረችውን ለማስረሳት ከአንድ ወር በላይ ፈጀብን። አዲስ ነገር ማስተማር ይሻላል፤ የተማሩትን ማስረሳት ግን ልብ ያደክማል፣ በተለይ ልጅቷ ምንም ጥፋት ሳይኖርባት።

ማሽኑ ለምን እንደዚያ ሰማ? እንደኔ ግምት ሦስት ነገር ተደራርቦ ነው።

አንደኛ፣ የካሴቱ ኤ ከኔ ቫዮሊን ኤ ትንሽ ከፍ ይላል። እኛ ቫዮሊን የምንቃኘው በ440 ኸርዝ ነው። ማሲንቆ ግን በ440 የመቃኘት ግዴታ የለበትም፤ ተጫዋቹ ለራሱ ድምፅ እንደሚመቸው ነው የሚቃኘው። በዚያ ላይ ካሴት አለ። ካሴት ሲገለበጥ 2 በመቶ ብቻ ቢፈጥን ድምፁ በሙሉ የግማሽ ድምፅን አንድ ሦስተኛ ያህል ወደ ላይ ይወጣል።

ሁለተኛ፣ የማሲንቆ ጣት የፒያኖ ቁልፍ አይደለም። ተጫዋቹ አንዳንዱን ድምፅ ከፒያኖው ትንሽ ከፍ፣ አንዳንዱን ትንሽ ዝቅ አድርጎ ይይዛል፤ ጣዕሙ እሱ ነው። ኮምፒውተሮች ኖታ የሚለዋወጡበት ሚዲ የሚባለው ሥርዓት ግን በ1983 ሲወጣ የኪቦርድን አስተሳሰብ ይዞ ነው የወጣው፤ ኖታዎቹ ከ0 እስከ 127 ተቆጥረዋል፣ ከአንዱ ቁጥር ወደሚቀጥለው ያለው ርቀት ግማሽ ድምፅ ነው። ድምፅን ትንሽ የማጠፍ ሌላ ዘዴ ቢኖረውም፣ ነገሩ ወረቀት ላይ ሲወርድ መሀል ላይ ያለ ድምፅ ወደ አንዱ ቁጥር መጠጋት አለበት። ካሴቱ ትንሽ ከፍ አድርጎታል፣ የተጫዋቹ ጣትም ትንሽ ጨምሮበታል፤ ሁለቱ ሲደመሩ ከመሀል አልፎ ወደ ላይኛው ተጠጋጋ።

ሦስተኛው እኔ ነኝ። «አጽዳ» የሚለውን ቁልፍ ስነካ ማሽኑ «ይሄ ዜማ ዲ ሜጀር ይመስለኛል» ብሎ ገመተና የሚዋልሉትን ድምፆች በሙሉ ዲ ሜጀር ውስጥ አስገባቸው። የሚገርመው ዲ ማይነር ብሎ ገምቶ ቢሆን ኖሮ ቢ ፍላትም ኤፍም ልክ ይሆኑ ነበር። ሳንቲም እንደመወርወር ነው። ለማሽኑ ምርጫው ሜጀር ወይ ማይነር ነው፤ አምባሰል የሚባል ሦስተኛ ሳጥን የለውም።

ቆሻሻውን አትፍሩት

ነገሩን ለማታውቁት፣ እነዚህ አፖች ሲሳሳቱ አብዛኛውን ጊዜ ያስታውቃሉ። ቫዮሊን የምትማሩ ካላችሁ ደግሞ ይሄን ብታውቁ ብዙ ሰዓት ትቆጥባላችሁ።

የቫዮሊን ዝቅተኛው ድምፅ ወፍራሙ ክር ላይ ያለው ጂ ነው፣ 196 ኸርዝ። ከዚያ በታች የተጻፈ ኖታ ካያችሁ የቫዮሊን አይደለም፤ ወይ የቤዝ ነው፣ ወይ ሰው በእግሩ መሬት ሲመታ ነው። ሰርዙት።

ወፍራሙ ክር ላይ ያሉ ድምፆች ብዙ ጊዜ አንድ ኦክታቭ ከፍ ብለው ይጻፋሉ። የቫዮሊን ሆድ ትንሽ ስለሆነ ያን ወፍራም ድምፅ በደንብ አያወጣም፤ እጥፉ፣ ማለትም 392 ኸርዙ ጎልቶ ይሰማል። ማሽኑም የጎላውን ይጽፋል። ዜማው ያለ ምክንያት ድንገት ሽቅብ ዘሎ ከተመለሰ ጠርጥሩ።

ቪብራቶ ሌላው ጣጣ ነው። ተጫዋች ጣቱን ሲያወዛውዝ በሰከንድ ከ5 እስከ 7 ጊዜ ያህል ነው። አራት ሰከንድ የቆየች አንዲት ድምፅ ከሃያ ጊዜ በላይ ትወዛወዛለች። አንዳንድ አፕ ይሄን ጉንዳን የመሰለ የጥቃቅን ኖታ ሰልፍ አድርጎ ይጽፈዋል። ሰልፉን ሙሉ አጥፍታችሁ አንዲት ረጅም ኖታ ጻፉ። ጣት ሲንሸራተትም እንደዚሁ ነው፤ እናንተ የምትሰሙት አንድ መንሸራተት፣ እሱ የሚጽፈው ደረጃ በደረጃ መውጣት።

አንዳንዱ ደግሞ በእጅ የማይቻል ነው። ወፍራሙ ክር ላይ ብቻ የሚገኙ ሁለት ድምፆች፣ ለምሳሌ ከታች ያሉት ኤ እና ቢ፣ አብረው ይመቱ ብሎ ይጽፋል። አንድ ክር በአንዴ ሁለት ድምፅ አይሰጥም። ይሄን ለማወቅ ቫዮሊን አንድ ወር መያዝ ይበቃል።

ምቱስ? ጭክችካ በስድስት ስምንተኛ መጻፍ ሲገባው በአራት አራተኛ ይጽፈውና በየባሩ ሦስት ሦስት እያደረገ ያሰቃያችኋል። ስለዚህ ኖታዎቹን አንድ በአንድ ከመልቀም በፊት ባሩን አስተካክሉ። ቤቱ ጠሞ ሳለ መጋረጃ አይሰቀልም።

ቀስቱ መቼ ወደ ላይ መቼ ወደ ታች እንደሚሄድና የትኛው ጣት የት እንደሚያርፍ ደግሞ አብዛኛዎቹ ጭራሽ አይጽፉም። እሱን የምትጨምሩት እናንተ ናችሁ።

እነዚህ ሁሉ ቆሻሻ ስህተቶች ናቸው፤ ዓይን ያያቸዋል። እኔን አሁን የሚያስፈራኝ ንጹሕ የሆነው ገጽ ነው። የአምባሰሉ ወረቀት ላይ ከባር የወጣ ኖታ የለም፣ በእጅ የማይቻል ነገር የለም፣ ጉንዳን የለም። ሁሉም በቦታው ነው። ዜማው ብቻ ሌላ ነው።

ለዚህ አሁን አንድ ደንብ አለኝ። ኖታውን ሳላይ ቅጂውን ሦስት ጊዜ አዳምጣለሁ፣ ከዚያ ፍጥነቱን በግማሽ ቀንሼ አንድ ጊዜ። ቀጥሎ በአፌ አንጎራጉረዋለሁ። ከዚያ ነው ወረቀቱን የምከፍተው። መጨረሻ ላይ ራሴን በስልኬ ቀድቼ ከዋናው ጋር አጠገብ ለአጠገብ እሰማዋለሁ። «አጽዳ» የሚለውን ቁልፍ አልነካም። ዜማው ያደግኩበት ካልሆነ ደግሞ ለሚያውቅ ሰው አሰማለሁ። ስልክ ደውዬም ቢሆን።

ባኽ ጠበቃ አለው

«ታዲያ ይሄ ምን ያስጨንቃል፣ ማሽን ይሳሳታል፣ ይታረማል» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፤ ግን ስህተት ሁሉ እኩል ዋጋ የለውም።

ለምሳሌ አንድ ልጅ የባኽን ለብቻው የሚጫወት ቫዮሊን ሥራ ከዩቲዩብ በአፕ ገልብጦ አምስት ቦታ ቢሳሳትበት ምን ይሆናል? ምንም። ባኽ በ1720 ንጹሕ አድርጎ በእጁ የጻፈው ቅጂ እስከ ዛሬ አለ። ታትሟል፣ ተደጋግሞ ታትሟል፣ ስንት ታላላቅ ቫዮሊኒስት ቀርጾታል። የአንድ አፕ ስህተት በዚያ ሁሉ ምስክር ፊት አይቆምም። ባኽ ጠበቃ አለው።

ያቺ የካሴት አምባሰልስ? ከዚያ በፊት ተጽፋ አታውቅ ይሆናል። እኔ አትሜ የሰጠኋት ወረቀት የመጀመሪያዋም የመጨረሻዋም ወረቀት ልትሆን ትችል ነበር። ፎቶ አንስታ ለጓደኛዋ ብትልከው፣ ጓደኛዋ ግሩፕ ላይ ብትለጥፈው፣ ከአምስት ዓመት በኋላ አንድ ሰው ሲፈልግ የሚያገኘው እሱን ነው። ያኔ ያቺ ወረቀት የአፕ ረቂቅ መሆኗ ይቀርና «አምባሰል በቫዮሊን» ትሆናለች። በዚያ ላይ አዳዲሶቹ ማሽኖች ከሰው ከተጻፈና ከተለጠፈ ነገር ነው የሚማሩት። ብዙ የተጻፈ ነገር ያለው ሙዚቃ አንድ ስህተት አይጎዳውም። ትንሽ ብቻ የተጻፈለት ሙዚቃ ግን አንዷ ስህተት ትልቅ ድርሻ ትይዛለች። ማሽኑ የተሳሳተውን መልሶ ከራሱ ስህተት ይማራል ማለት ነው።

ዋናው ቅጂ ባለበት ቦታ የማሽን ስህተት ስህተት ሆኖ ይቀራል። ዋናው በሌለበት ቦታ ግን ስህተቱ ራሱ ዋናው ይሆናል። እኛ ደግሞ ዋናዎቻችን በአብዛኛው ወረቀት ላይ አይደሉም፤ እንደ ልጅቷ አያት ያሉ ሰዎች ጆሮ ውስጥ ናቸው። ያ ጆሮ ደግሞ እያረጀ ነው።

ወጡ ሲወደድ

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ። የ14ቱን ገጽ ሒሳብ እንሥራ።

ያለ አፕ፣ ከድምፅ አንድ ገጽ ኖታ ጽፌ ለመጨረስ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጅብኛል። 14 ገጽ 28 ሰዓት ነው። በአፕ 16 ሰዓት ፈጀ። ስለዚህ ማሽኑ 12 ሰዓት አትርፏል። ይሄን መካድ አልፈልግም፤ ጠቃሚ ነገር ነው፣ አሁንም እጠቀምበታለሁ። ጥያቄው ያ 12 ሰዓት ለማን ኪስ ገባ የሚለው ነው። ሰውየው «ማረም ብቻ» ብሎ ስለተነሳ፣ እኔም አሜን ብዬ ስለተቀበልኩ፣ ትርፉ በሙሉ ወደ እሱ ሄደ። በዚያ ላይ የቀረውን 16 ሰዓት እኔ በቅናሽ ሸጥኩለት።

ትምህርት ቤት ከተማርኩት ውስጥ አንዱ፣ አብረው የሚሄዱ ሁለት ዕቃዎች ካሉ አንዱ ሲረክስ የሌላው ፈላጊ ይጨምራል የሚል ነው። እንጀራ ቢረክስ ወጥ ፈላጊው ይበዛል። የኖታ ረቂቅ ነጻ ሆኗል ማለት ይቻላል። ታዲያ አብሮት የሚሄደው፣ ማለትም የሚያርመው ጆሮ፣ መወደድ ነበረበት። ለምን ረከሰ?

መልሱን ያገኘሁት ያገለገለ መኪና ገበያ ውስጥ ነው። ጆርጅ አከርሎፍ የሚባል ኢኮኖሚስት በ1970 ባወጣው ጽሑፍ፣ ገዢው ጥሩውንና መጥፎውን መኪና መለየት ካልቻለ ለሁለቱም አንድ አማካይ ዋጋ እንደሚሰጥና በዚያ ዋጋ የጥሩ መኪና ባለቤት ከገበያ እንደሚወጣ አሳይቷል። በኋላ ኖቤል ከተጋሩት አንዱ ሆኗል። ኖታም እንደዚያው ነው። በደንብ የታረመ ገጽና «አጽዳ» የተነካ ገጽ ስልክ ላይ ስታዩአቸው መንታ ናቸው። ሁለቱም ልቅም ያሉ ፒዲኤፍ። ገዢው ካልለየ ለምን 80 ብር ከሚል ሰው ይልቅ 300 ብር የሚል ሰው ጋ ይሄዳል? አይሄድም። በሥርዓት የሚያርመው ሰው ይተወዋል፣ ገበያው ላይ የሚቀረው ቁልፍ ነኪው ነው። እኔም በ80 ብር ስገባ ያን ገበያ እያገዝኩ ነበር።

«ይሻሻላል» እና «አይጻፍም»

ሁለት ተቃውሞ ደጋግሞ ይመጣብኛል።

አንዱ «ቴክኖሎጂው ይሻሻላል፣ ምን አስቸኮለሽ» የሚል ነው። ይሻሻላል፣ አምናለሁ። ግን ከምን ይሻሻላል? በትክክል ከተጻፈ ምሳሌ ነው። ባቲን፣ አምባሰልን፣ አንቺሆዬን በትክክል ጽፎ የሚሰጠው ማነው? ከእኛ ውጪ ማንም የለም። ዛሬ የሚታረመው ገጽ የነገው ማሽን የሚማርበት ደብተር ነው። ስለዚህ «ይሻሻላል» ማለት «ሰው ያርመዋል» ማለት ነው፤ ያ ሰው ይከፈለው ነው የምለው።

ሁለተኛው ተቃራኒው ነው። «መጀመሪያውኑ የፈረንጅ ኖታ የኛን ዜማ አይችለውም፤ ለምን ትጽፊዋለሽ?» የሚሉኝ በተለይ የባህል ሙዚቃ ወዳጆች ናቸው። ግማሽ እውነት አላቸው፤ የማሲንቆው ጣዕም አምስት መስመር ላይ አይሰፍርም። ግን ዜማን በጽሑፍ መያዝ ለዚህ አገር አዲስ አይደለም። የያሬድ ዜማ በፊደሉ አናት ላይ በሚጻፍ ምልክት ስንት ዘመን ተይዟል፤ ምልክቱን በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳደራጁት ይነገራል። ግን ምልክቱን አይቶ ብቻ ማንም መሪጌታ አልሆነም። ከመምህሩ ፊት ተቀምጦ፣ ሲሳሳት እየታረመ ነው የሚማረው። ጽሑፉ ያስታውሳል፣ ጆሮ ይፈርዳል። የፈረንጁም ኖታ በዚያው መንገድ ቢያዝ ምን ችግር አለው? ችግሩ የተጻፈው ሲፈርድ ነው፤ ልጅቷ «ወረቀቱ ላይ እንደዛ ነው» እንዳለችኝ።

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። አፕ ተጠቅማችሁ የገለበጣችሁትን ኖታ ስትለጥፉ «በአፕ የተገለበጠ፣ ያልታረመ» ብላችሁ ጻፉበት። ታርሞ ከሆነ ማን እንዳረመውና ከየትኛው ቅጂ እንደሆነ ጻፉ፤ ቅጂውን አብራችሁ አያይዙት። ያኔ ገዢውም አንባቢውም መንታዎቹን ይለያል። የምታሠሩ ደግሞ በገጽ ሳይሆን በሰዓት ተስማሙ፤ አንድ ገጽ 20 ደቂቃም ሦስት ሰዓትም ሊፈጅ ይችላል፣ ሳይሰማ አይታወቅም። የምትሠሩ፣ እንደኔ ወር መጨረሻ ላይ አትደራደሩ። ቤታችሁ ውስጥ ቅኝት የሚያውቅ ሽማግሌ ወይም አሮጊት ካለ ደግሞ ኖታውን ከማተማችሁ በፊት አሰሙአቸው። ከእነሱ የተሻለ አራሚ አፕ ስቶር ላይ የለም።

ማን ያውቃል?

ከዚያች ቅዳሜ በኋላ እንቅልፍ የነሳኝ ነገር ነበር። ያ 14 ገጽ። ኮምፒውተሬን ከፍቼ በአዲሱ ደንቤ እንደገና አዳመጥኩት። ወረቀቱን ሳላይ።

ገጽ 9 ላይ አገኘሁት። ያው ስህተት። ቅጂው አምባሰል ነው፣ ኖታው አይደለም። ክረምት ላይ ጉንዳኖቹን ስለቅም፣ ባሩን ሳቃና፣ በፊቴ አልፏል። ንጹሕ ስለነበር አላየሁትም። 16 ሰዓት ሠርቼ ትልቁን ስህተት ትቼዋለሁ፤ እሱን ደግሞ በሰውየው ላይ ማሳበብ አልችልም።

አስተካክዬ ላኩለት። የማንንም ገንዘብ እንደማልጠይቅና የድሮውን ገጽ እንዲተካው ጻፍኩ። ማታ ላይ መለሰልኝ። «አመሰግናለሁ እህት። ግን ተባዝቶ ለልጆቹ ተበትኗል። ችግር የለውም፣ ባክሽ። ማን ያውቃል?»

ብዙ ጽፌለት ነበር፤ አጠፋሁት። መጨረሻ ላይ የላክሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «አያቶቻቸው ያውቃሉ።»

ልጅቷ አሁን ጠቋሚ ጣቷን ትክክለኛው ቦታ ላይ ታስቀምጣለች። አንዳንዴ ይረሳታል፤ ያኔ ራሷ ትስቅና «ትዝታ ገባሁ» ትላለች። ባለፈው ሳምንት በስልክ ለአያቷ ተጫወተችላቸው። መስመሩ ይቆራረጥ ነበር፤ ከዚያ ማዶ ምንም አልተሰማም። ስትጨርስ ዝም ብለን ጠበቅን።

«አሁን ገና አገሬ ደረስሽ» አሏት።